ያጠፋሁት ልኬት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ከጎኔ ቆማ ለምትዘምረው ጓደኛዬም አልተናገርኩም። በጸሎት ላይ እንኳ እዚህ ጉዳይ አጠገብ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የበደልኩትን ሁሉ ይቅር በለኝ» ብዬ አልፋለሁ፤ «ሁሉ» ከሚለው ቃል ጀርባ ብደበቅ እግዚአብሔር የማያየኝ ይመስል። እኛ ቤት የንስሐ አባት የለም። ጎረቤቶቻችን አላቸው፤ ሲጨንቃቸው ሄደው እግራቸው ሥር ይቀመጣሉ። እኔም እንደነሱ የምሄድበት ሰው ቢኖረኝ ኖሮ በዚያው ሳምንት እናዘዝ ነበር። ወይስ እዚያም ሄጄ «ሁሉ» እል ነበር? አላውቅም። እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሆይ፣ ሳላስፈቅዳችሁ የንስሐ አባቶቼ አድርጌያችኋለሁ።

ነገሩ የሆነው በአንድ ስልክ ውስጥ ነው። ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። ይኸው፣ ገና ሳልጀምር ራሴን ማቃለል ጀመርኩ። ልተወው።

አምና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አምቦ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ የእናቴ ጓደኛ የሙሽራና የባህል ልብስ ስፌት ቤት አላቸው። ከአዲስ አበባ ወንድማቸው ስማርት ስልክ ላከላቸውና ምን እንደሚያደርጉበት ቢጨንቃቸው እኔን አስጠሩኝ። ስልኩ ላይ ለልብስ ሰፊዎች የተሠራ የሥራ አፕሊኬሽን ጫንኩላቸው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ አለው፤ ስም፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት፣ የቀጠሮ ቀን። እንግሊዝኛውን እያነበብኩ አስተማርኳቸው። አዴ ጫልቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ጋላቶሚ፣ ኢንተለ ኮ! እንዲህ ያለች ልጅ ስትኖር ሰው ለምን ይቸገራል?» አሉ። ጋላቶሚ ምስጋና ነው፤ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ያ ቃል ምን ያህል እንደጣፈጠኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ በየቀኑ ወደ ሱቁ መሄድ ጀመርኩ። ማንም አልቀጠረኝም። እንዲያመሰግኑኝ ነበር የምሄደው።

ሱቁ ውስጥ ቦንቱ አለች። ከእኔ በሁለት ዓመት ብትበልጥ ነው። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ነበር ወደ ስፌት የገባችው። አዴ ጫልቱ ጨርቁን ይቆርጣሉ፤ ሰው የምትለካው ቦንቱ ነበረች። ሜትሩ ከአንገቷ አይወርድም ነበር። በመንገድ ላይ ሰላም ስትል እንኳ ሰዉን በዓይኗ የምትለካ ይመስለኝ ነበር። እኔን «ፕሮፌሰር» ብላ ነበር የምትጠራኝ።

«ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ስልኩ ላይ ምን ልታበላሺ ነው?» ትለኛለች ስገባ።

«ሳትቀኚ ሥሪ» እላታለሁ።

«ምን ልቀና? የኔ ሜትር ቻርጅ አይፈልግም።»

እንዲህ እየተጎሻሸምን እንስቅ ነበር። ጓደኛዬ ነበረች። ይህን ደጋግሜ ልል እፈልጋለሁ፤ ጓደኛዬ ነበረች።

ቦንቱ ድሮ የለካችውን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በስፒል ጨርቁ ላይ ትሰካው ነበር። ልብስ ሰፊ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ያንን ያስተውኳት እኔ ነኝ። «ስልክ እያለ ወረቀት መስካት ኋላ ቀርነት ነው» አልኩ፣ አዴ ጫልቱ እየሰሙ። አዴ ጫልቱም ተስማሙ። ቦንቱ ሳቀችና ወረቀቱን ተወችው። ያኔ ቅር ብሏት ይሆን? አልጠየቅኳትም። እኔ ራሴን ብልህ አድርጌ ስለቆጠርኩ፣ ስልኩ ቢበላሽ ብዬ ባክአፕ ማድረግ ጀመርኩ። ባክአፕ ማለት በስልኩ ያለው መረጃ ሁሉ አንድ ላይ ተገልብጦ በሚሞሪ ካርዱ ላይ የሚቀመጥበት ፋይል ነው፤ ዋናው ሲጠፋ ከዚያ ይመለሳል። ይህን የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ያም ደስ ይለኝ ነበር።

ጥር ገባ። የሠርግ ወር ስለሆነ ሱቁ ሰው አያጣም። በአንድ የገበያ ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሁለት ጊዜ ባክአፕ አደረግኩ፤ አንዱን ጠዋት እንደመጣሁ፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ ወደ መዝሙር ልምምድ ከመሄዴ በፊት። በሁለቱ መካከል ከካቺሲ አንዲት ሙሽራ ከአባቷ ጋር መጣች። ሌንሴ ትባላለች። በኅዳር ለሽምግልናው ቀን ቀሚስ አሰፍታ ስለነበር ስሟና ልኬቷ ስልኩ ውስጥ አለ። ግን በእኛ አገር ሙሽራ ከታጨች በኋላ ከቤት አትወጣም፤ ሥራ አትሠራም፤ ገንፎና ቅቤ ነው የምትቀለበው። አሁን የቆመችው ሌንሴ በኅዳር የመጣችው ቀጭን ልጅ አልነበረችም። አዴ ጫልቱ ልቅሶ ሄደው ስለነበር አላዩአትም። ቦንቱ ሜትሩን በወገቧ አዙራ ሳቀች።

«ኧረ ካቺሲ ላይ ለሌላ ሰው ቅቤ ቀርቷል? ሁሉንም አንቺ ጨረስሽው እኮ!»

ሌንሴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቷ ኦቦ ገመቹ «ተያት፣ ተያት፤ ላሞቹም እያጉረመረሙ ነው» አሉ። እኔም ሳቅሁ። ቦንቱ አዲሱን ልኬት በአሮጌው ቦታ አስገባች፤ ሴቭ ስታደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ያዙልኝ። ቀልዱን ሰምቻለሁ፤ ሴቭ ስታደርግ አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ «አላወቅኩም ነበር» ብል አትመኑኝ።

ሰኞ ዕለት ስልኩ ከበደው። መዝሙርና ፎቶ ሞልቶት አፕሊኬሽኑ አልከፈት አለ። አዴ ጫልቱ «እባክሽ አጽጂልኝ» አሉኝ። ማንም ሳይነግረኝ፣ እጄ ፈጥኖ፣ የማላውቀውን ሁሉ ስነካካ አፕሊኬሽኑ ተከፈተ፤ ግን ባዶ ነበር። አንድም ስም የለም። ቦንቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ምነው ፕሮፌሰር፣ ላብ በላብ ሆንሽ?» አለች። «ምንም» አልኩ። ወደ ሚሞሪው ገባሁ። የቅዳሜዎቹ ሁለት ፋይሎች አሉ። አንዱ 10፡20 ይላል፤ ሌላው 2፡40። ጠዋትና ከሰዓት የሚለይ ምልክት የለውም።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው። ለእኔ ሁለት ሰዓት ጠዋት ነው፤ አሥር ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው። የኋለኛው 10፡20 ነው ብዬ እሱን መለስኩ። «አሁን ያለው መረጃ ይተካል፤ ልቀጥል?» የሚል ጥያቄ መጣ። አዎ አልኩ። ስሞቹ ግር ብለው ተመለሱ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ረስቼው ነበር። የእሱ 10፡20 የእኛ ጠዋት አራት ሰዓት ከሃያ ነው። የመለስኩት የጠዋቱን ነበር፣ ሌንሴ ከመምጣቷ በፊት የነበረውን። የሌንሴ ስም ግን በቦታው አለ፤ ከሥሩ የኅዳር ልኬቷ።

እስከዚህ ያለው ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመጣ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ስለ ኮታቸው ሊጠይቁ መጥተው አገኘኋቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር የተለኩት። ስማቸው ስልኩ ላይ የለም።

«አስገብቻቸዋለሁ እኮ!» አለች ቦንቱ።

«ሴቭ ሳታደርጊ ወጥተሽ ይሆናል» አልኳት። እንዴት ቶሎ እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ገና ነገሩ ሳይገባኝ ነበር አፌ ጥፋቱን ለሌላ ሰው የሰጠው።

እሷም «ይሆናል» አለችና ሰውየውን ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ለካቻቸው።

እኔ ስልኩን ይዤ ወደ ጥግ ሄድኩ። ፋይሎቹን አየሁ። በጣቴ ሰዓቱን ቆጠርኩ። ያን ጊዜ ገባኝ። ስለ ሰውየው ብቻ አይደለም የገባኝ፤ ስለ ሌንሴም ገባኝ። የሌንሴ ጨርቅ ገና አልተቆረጠም። መደርደሪያው ላይ፣ ከዓይኔ ፊት፣ እንደታጠፈ ነበር። አዴ ጫልቱ «ነገ እቆርጠዋለሁ» ብለዋል። 2፡40 የሚለውን ፋይል ብመልሰው የቅዳሜው ልኬት ሁሉ ይመለሳል። ግን ከሰኞ እስከ ረቡዕ የገባው ይጠፋል፤ እሱን እንደገና ለማስገባት ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። «አዴ ጫልቱ፣ ተሳሳትኩ» ማለት ብቻ ነበር። ምን ያደርጉኝ ነበር? ይስቁ ነበር። ቦንቱ አንድ ወር ሙሉ ትቀልድብኝ ነበር። ሌላ ምን?

እኔ ግን 2፡40 የሚለውን ፋይል አጠፋሁት።

ለምን አጠፋሁት? ይህንን ነው የማልረዳው። መናገር ካልፈለግኩ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ፋይሉን መተው እችል ነበር። ሰዎች ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ያዩብኛል ብዬ ይሆን? በዚያ ሱቅ ውስጥ ከእኔ በቀር ፋይሉን የሚከፍት ሰው አልነበረም። ታዲያ ከማን ደበቅሁት? ነገ ልቤ ቢመለስ መንገድ እንዳያገኝ ከራሴ ነው የደበቅሁት? እንደዚያ ከሆነ እኔ ክፉ ነኝ ማለት ነው። ወይስ ደነገጥኩና እጄ ብቻ ነው የሠራው? እጅ ብቻውን ይሠራል? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዳንድ ቀን አንዱ መልስ እውነት ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ሌላው። እርግጠኛ የሆንኩበት አንድ ነገር ፋይሉን ማጥፋቴ ነው። አጠፋሁት፤ ከዚያም ለአዴ ጫልቱ ውኃ አመጣሁላቸው፤ እሳቸውም መረቁኝ።

በዚያ ማታ «ነገ ሌንሴ እንደገና ትለካ እላቸዋለሁ» ብዬ ራሴን አታለልኩ። በማግስቱ ስደርስ ጨርቁ ተቆርጦ ነበር። ያንን ሳይ የተሰማኝን ልንገራችሁ? ቀለለኝ። እንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም ብዬ ቀለለኝ። ከዚህ ሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ መቅለል ነው።

ከሠርጉ በፊት በነበረው ዓርብ ሌንሴና አባቷ ከካቺሲ አቧራ ለብሰው መጡ። ሠርጉ እሑድ ነው። ቀሚሱ ከመጋረጃው ኋላ ተለበሰ። ከዚያ የሌንሴ ለቅሶ ተሰማ። ቀሚሱ ጀርባዋ ላይ በአራት ጣት ያህል አልገጠመም። ጥለቱ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ስለሆነ የሚጨመር ትርፍ አልነበረውም።

ኦቦ ገመቹ ቆመው «አዴ ጫልቱ፣ የለካችሁት ልጄን ነው ወይስ ታናሿን?» አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም። ያልጮኹት ለአዴ ጫልቱ ክብር ብለው ነው፤ አዴ ጫልቱንም ያሳመማቸው ያ ነው።

አዴ ጫልቱ ስልኩን አውጥተው ቦንቱን ጠሯት። «ይኸው፣ ይህ ነው ያለው። ይህን ነው የቆረጥኩት።»

ቦንቱ ቁጥሩን አየች። «አይ… ወፍራ ነበር እኮ አዴ። ቀልጄባት ነበር እኮ። እሷም ታስታውሳለች።»

«ታዲያ እየቀለድሽ የድሮውን ተውሽው?»

«አስገብቻለሁ። ያስገባሁ ይመስለኛል።» ወደ እኔ ዞረች። የዚያን ቀን ዓይኗ ውስጥ ክስ አልነበረም፤ እርዳታ ነበር የምትፈልገው። «ሲፈን፣ ሴቭ አላደረግኩም እንዴ?»

ፕሮፌሰር አላለችኝም። በስሜ ጠራችኝ።

አዴ ጫልቱም ጠየቁኝ፦ «አንቺ፣ ስልክ ሊሳሳት ይችላል?»

እኔም «ስልክ የተነገረውን ነው የሚይዘው» አልኩ።

እውነት ነው። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ስልክ የተነገረውን ነው የሚይዘው። በሕይወቴ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ ትልቁ ይህ እውነት ነው። ቦንቱ አንገቷን ደፋች። «እንግዲያው ሴቭ ሳላደርግ ወጥቼ ነው። የዚያ የጤና ጣቢያ ሰውዬም እንደዚሁ ሆኖብኛል» አለች። ከዚያ ኦቦ ገመቹ ፊት ተንበረከከች። ያልሠራችውን ስህተት ይቅርታ ጠየቀች። እኔ ቆሜ አየሁ። እግሬ አጠገብ ነበረች።

ኦቦ ገመቹ ክንዷን ይዘው «ተነሺ ልጄ፣ ተነሺ። ሰው ይሳሳታል» አሉ። ሌንሴ ከብብቷ ሥር ሌላ ነጭ ጨርቅ ተቀጥሎላት ተዳረች። ቀኑን ሙሉ ክንዷን ሳታነሳ እንደዋለች ሰማሁ። ሙሽራ ክንዷን ሳታነሳ እንዴት ትጨፍራለች?

ከዚያ ቀን በኋላ አዴ ጫልቱ ቦንቱን «ከእንግዲህ ሜትር አትያዢ» አሏት። አላባረሯትም፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ካውያና ቁልፍ መትከል ሰጧት። መለካቱን ለእኔ ሰጡኝ፤ አዎ፣ ለእኔ። ቦንቱ ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ በእጄ አስቀመጠችው፤ «እንዳታጠብቂው፣ ሰው መተንፈስ አለበት» ብላ አሳየችኝ። ፋሲካ ሳይደርስ ሱቁን ለቃ ወደ ጉደር ሄደች። አዴ ጫልቱ «አኩርፋ ነው» አሉ። እኔም ሜትሩን አንስቼ ቀጣዩን ደንበኛ ለካሁ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በኮምፒውተር ትምህርት ክፍለ ጊዜ መምህሩ «የተቀመጠ መረጃ ከመመለሳችን በፊት ምን እናደርጋለን?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። «በቅድሚያ አሁን ያለውን እናስቀምጣለን፤ የፋይሉን ቀንና ሰዓት እናረጋግጣለን፤ የቆየውንም ፋይል አናጠፋም» አልኩ። «በጣም ጥሩ!» አሉ። ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ «ከየት ተማርሽው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

በዚያው ሳምንት ለቦንቱ እነግራታለሁ ብዬ ጉደር ሄድኩ። ቦንቱ አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም ትጠግናለች። ስታየኝ ከመኪናዋ ዘልላ ተነሳች። «ፕሮፌሰር! እውነተኛ ፕሮፌሰር ልትሆኚ ነው አሉ!» ብላ አቀፈችኝ። አዲስ ጉርድ ልትሰፋልኝ ፈለገች፤ «ዩኒቨርሲቲ በአሮጌ ጉርድ አይገባም» አለች። ልነግራት አፌን ስከፍት ሜትሩን በወገቤ አዞረች። አነበበች። ፈታችውና እንደገና አዞረች። አሁንም አነበበች። ደግማ አዞረች። ከዚያ የሜትሩን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንቺ አንብቢልኝ። እኔ እንደሆነ ዓይኔን አላምነውም። ሁልጊዜ ደንበኛውን ራሱን ነው የማስነብበው፤ ማንበብ የማይችል ሲመጣ ጎረቤት እጠራለሁ።» ሳቀች። «ልማድ ሆኖብኛል። ያንቺ ዓይን ግን አይሳሳትም።»

አነበብኩላት። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እሷም ጻፈችው። ሌላ ምንም ሳልናገር ወደ አምቦ ተመለስኩ።

ሥራዋን ብቻ የወሰድኩባት ይመስለኝ ነበር። ለካስ ዓይኗን ነው የወሰድኩባት። የገዛ እጇ የነካውን፣ የገዛ ዓይኗ ያየውን እንዳታምን አደረግኳት። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ብታውቅ አትሰቃይም ነበር፤ አለማወቋ ነው የሚያሰቃያት። እንግዲህ ዝምታዬ ያለፈ በደል ነው ልል አልችልም። ደንበኛ ወደዚያች ክፍል በገባ ቁጥር፣ ቦንቱ ሜትሩን ሦስተኛ ጊዜ ባዞረች ቁጥር፣ እኔ ዛሬም ያንን ፋይል እያጠፋሁ ነው።

ይህን ስጽፍ ደግሞ ሌላ ነገር ግራ አጋባኝ። ለምንድን ነው ለእናንተ የምናገረው? እናንተን አላውቃችሁም፤ እናንተም አታውቁኝም። ሌንሴን አልለካችሁም፣ ኦቦ ገመቹ ፊት አልተንበረከካችሁም። ለእናንተ መናገር ከባድ ይመስል ነበር፤ ግን ይኸው ጨረስኩት። ምናልባት ቀላሉን መርጬ ይሆናል፤ እንደ ልማዴ። ምናልባት እናንተም «ጎበዝ፣ ተናዘዘች» እንድትሉኝ ፈልጌ ይሆናል።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ልጅ ነበርኩ፣ ሰዓቱ አሳስቶኝ ነው፣ ደንግጬ ነው አልልም። ሰዓቱ አንድ ጊዜ አሳሳተኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ቦንቱ በትክክል ለክታለች። በትክክል አስገብታለች። ሴቭ አድርጋለች። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጉደር ሄጄ፣ በዚያች ክፍል ቆሜ፣ ዓይኗን እያየሁ እስክናገራቸው ድረስ፣ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ገና ልምምድ ነው።